ማዶ ይቅደም

አገሬ የት እንደሆነች አልናገርም። ብናገር የራሴን ከተማ ስም አስቀድሜ መጥራቴ ነው፤ ይህ ደግሞ እኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ወዲህ አንድ ከተማ፣ ከወንዙ ወዲያ ሌላ ከተማ። እኛ እነሱን ማዶ እንላቸዋለን፣ እነሱም እኛን ማዶ ይሉናል። እኔ ሺባባው እባላለሁ። ሥራዬ በሁለቱ መካከል ታንኳ መቅዘፍ ነበር። የምተርከው ሰላም እንዴት እንደመጣልንና ማንን እንዳስከፈለ ነው።

ድሮ ታንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ድልድይ ነበረን። ጠባብ የግንድ ድልድይ ነው፣ ሰው ለሰው አያስተላልፍም። አንድ ቀን ከወዲህ የተነሣ ሠርገኛና ከማዶ የተነሣ ሠርገኛ መካከሉ ላይ ተገናኙ። “ተመለስ፣ ልለፍ!” “አንተ ተመለስ፣ እኔ ልቅደም!” ተባባሉ። አንዱ ዱላ አነሣ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ከተሞች ተቃጠሉ፤ ድልድዩም አብሮ ተቃጠለ። ሙሽሮቹ አልተጋቡም። የሞተውን ሰው ቆጥሮ የጨረሰ የለም፤ ቆጣሪዎቹም ስለሞቱ ነው።

ጦርነቱ ሰው አልቆበት ሲበርድ አንድ ደግ ሰው ከሩቅ አገር መጣ። ደረቱ ላይ የናስ ዓርማ ሰክቷል። በአገሩ የበጎ ሥራ ክበብ የሚባል ነገር አለ፤ አባላቱ በየሳምንቱ አብረው ምሳ ይበላሉ፣ ደወል ይደውላሉ፣ ከዚያ ተነሥተው ለሌላ ሰው መልካም ይሠራሉ። “እናንተም በየከተማችሁ ክበብ አቋቁሙ፤ ሁለቱ እህትማማች ይሁኑ፤ አንዱ ሌላውን ያገልግል። ሰው ያገለገለውን ሰው መግደል ይከብደዋል” አለን። እውነቱን ነው። ሰውየውን እስከ ዛሬ አልተቀየምኩትም።

መሐላው ግን የእኛው ሽማግሌዎች ያወጡት ነው። ያ ሁሉ እሳት የተነሣው “እኔ ልቅደም” ከሚል ቃል ስለሆነ፣ ሁለቱ ክበቦች በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል “ማዶ ይቅደም” ብለው ማሉ። ከእንግዲህ በምግብም ሆነ በመንገድ፣ በማናቸውም ጥቅም ከማዶ ሰው ቀድሞ የተገኘ ወገን ቃል አፍራሽ ነው። ቃል ከፈረሰ ደግሞ ጦርነቱ ካቆመበት ይቀጥላል። ደጉ ሰው በደስታ አለቀሰ፣ ዓርማ አደለን፣ ፎቶ አነሣንና ሄደ፤ ሌላ ጦርነት ይጠብቀው ነበር። ሁለቱም ወገን እንዲህ ብሎ ከማለ ማን ሊቀድም ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ድግሱ ላይ ነበርኩ። አፌ ሙሉ ስለነበረ አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያው የጋራ ምሳ የተዘጋጀው እኛ ዘንድ ነው። አባላቱ በሩ ላይ ተገናኙ።

“ይግቡ እንጂ!”

“ኧረ በጭራሽ! እርስዎ ይቅደሙ!”

“እንዴት ተደርጎ!”

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንዲህ ሲባባሉ ወጡ ቀዘቀዘ፤ ማንም ሳይገባ በፍቅር ተለያዩ። ለሚቀጥለው ጊዜ በር ከሌለ ቀዳሚ የለም ብለን የአዳራሹን ግድግዳ አፈረስነው። ገብተው ተቀመጡ። አሁን ደግሞ እጅ ለመታጠብ ቀዳሚ አስፈለገ፤ የምታስታጥበው ሴት ክንዷ ዝሎ ማንቆርቆሪያውን እንግዶቹ ጭን ላይ ጣለችው። በኋላ በኋላ ሁሉም ቤቱ በልቶ መምጣት ለመደ። ማዕዱ በክብር ይቀርባል፣ በክብር ይነሣል፣ ውሻ ይበላዋል። ውሾቻችን እንደዚያ ዘመን ወፍረው አያውቁም።

የማዶን ትምህርት ቤት ጣሪያ ልንጠግን መዶሻ ይዘን ተሻገርን፤ “መጀመሪያ የእናንተ ይጠገን” ብለው በዘፈን መለሱን። እነሱ የእኛን ሊጠግኑ መጡ፤ በዘፈን መለስናቸው። ጣሪያዎቹ ማፍሰሳቸውን ቀጠሉ። ጦርነት ግን አልነበረም፤ ይህን አልክድም። ልጆች የጦርነት ጩኸት ሳይሰሙ አደጉ። አንዷ የእኔ ልጅ ትደነቅ ናት። እናቷ ገና ጡት ሳታስጥላት ስለሞተችብኝ እዚያው ታንኳዬ ውስጥ ነው ያሳደግኋት። ለእኔ ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረኝም፤ ይህን አንባቢ ይያዝልኝ።

ጥርሷን መቀየር ስትጀምር በሽታው መጣ። ጥም አልነው። የያዘው ሰው በሰውነቱ ያለው ውኃ ሁሉ ከላይም ከታችም ይወጣል፣ ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፤ ዛሬ ሲያርስ የዋለ ነገ ይቀበራል። የመጣው ከምንጮቹ ነው። የእኛን ምንጭ የሚያጸዳው የማዶ ክበብ ነበር፣ የማዶን ደግሞ የእኛ ክበብ፤ መጀመሪያ የማን ይጽዳ የሚለው ግን ገና አልተወሰነም ነበር።

የደጉ ሰው ክበብ ወሬውን ሰምቶ መድኃኒት ላከ። በትንንሽ እሽግ የተሞላ አንድ ትልቅ ሣጥን ነው፤ በውኃ የሚበጠበጥ ነጭ ዱቄት፣ ለሁለቱም ከተማ የሚበቃ። መንገዱ በእኛ በኩል ስለሆነ መጀመሪያ የደረሰው እኛ እጅ ነው።

አቶ አጥናፍሰገድ የክበባችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ ቀጭን፣ ቅን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። ደወሉን ደወሉና “መድኃኒቱ መጥቷል፤ ቃላችንንም አንረሳም። ማዶ ይቅደም!” አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከሚያጨበጭቡት መካከል ሆዳቸውን ይዘው የነበሩም ነበሩ።

ሣጥኑን ጭኜ ተሻገርኩ። የማዶ ክበብ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ደብሪቱ ከነአባሎቻቸው ዳር ላይ ጠበቁኝ። ደንዳና ሴት ናቸው፣ ነገር አያስረዝሙም። ጎንበስ ብለው ሣጥኑን ሳሙት።

“እናንተ ቀምሳችኋል?” አሉኝ።

“አልቀመስንም፣ እሜቴ።”

“ታዲያ እኛን ቃል አፍራሽ ልታሰኙን ነው? በል ሺባባው፣ መልሰህ ውሰደው። ባዶውን እንዳይሄድ ግን።” ነጭ ጨርቅ አለበሱት፣ አንድ እንስራ ማርም ጨመሩልኝ።

የእኛዎቹ ማሩን ሲያዩ አለቀሱ። ሁለት ሙክት በግ ጨምረው መለሱት። ማዶዎች ጥላ ይዘው፣ እምቢልታ እያስነፉ ሸኙት። ሣጥኑ ሲሄድና ሲመጣ ክብሩ እየጨመረ ታንኳዬ ጠርዙ ድረስ ውኃ ውስጥ ሰጠመ። እንዲህ ያለ ፍቅር አይቼ አላውቅም። የዳነ በሽተኛ ግን አልነበረም።

አንድ ብልህ ሰው ተነሣና “ብዙ ሰው የሞተበት ይቅደም” አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ማዶዎች ግን “የእኛስ ጥቂት ናቸው፣ ያውም ዕድሜ የጠገቡ” ብለው ላኩ። ክበባችን ይህን ሲሰማ አፈረና ለቅሶ ከለከለ። ድንኳን መጣል ቀረ፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ ቀረ። ሰው ልጁን በጓሮ ቀብሮ ሲያበቃ ወንዙ ዳር ወጥቶ ይሥቃል፣ ማዶ እንዲያየው። ማዶዎችም በበኩላቸው ከበሮ እየመቱ ይጨፍራሉ። እኔ መካከል ላይ ሆኜ የሁለቱንም ፊት አያለሁ። እንደዚያ ያለ ሣቅ ጠላቴም አይሣቅ።

ከዚያ ትደነቅ ወደቀች። ጠዋት ታንኳዬ ውስጥ እየተጫወተች ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ አባባ ልትለኝ ስትል ድምፅ አልወጣትም። ጎረቤቴን እትዬ ዘርትሁንን አጠገቧ አስቀምጬ ወደ ሊቀ መንበሩ ቤት ሮጥኩ።

“ጋሼ፣ ልጄ ልታልቅብኝ ነው። አንዲት እሽግ ይስጡኝ። እግርዎ ላይ እወድቃለሁ።”

“ተቀመጥ፣ ሺባባው” አሉኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ሰው ያቃስታል። “ትሰማታለህ? ባለቤቴ ናት።”

“እሰማለሁ።”

“ሣጥኑ ያለው እዚሁ ክፍል ነው። እጄን ሰድጄ መለስኩት፤ ደግሜ ሰድጄ መለስኩት። እሷን ባድናት ነገ የስንት ሰው ደጅ ደም ይፈስሳል? አንተ ጦርነቱን ልጅ ሆነህ ነው የምታውቀው። እኔ አባቴን ከድልድዩ ሥር ለቃቅሜ ነው የቀበርኩት።” እንባቸው ጉንጫቸውን ሞላው። “ምናልባት ዛሬ ማዶዎች ይቀበሉን ይሆናል። ቶሎ አሻግረው፣ አደራ።”

ክፉ ሰው ቢሆኑ ሰድቤያቸው እወጣ ነበር። ደግ ሰውን ምን ታደርገዋለህ? ሣጥኑን ተሸክሜ ወጣሁ።

ወንዙ መካከል ስደርስ መቅዘፊያውን አስቀመጥኩ። ከሁለቱም ዳር ሰው ያየኛል። የገባውን ውኃ ከታንኳዬ የምቀዳ መስዬ ጎንበስ አልኩና የሣጥኑን ክዳን በቢላዬ ፈለቀቅሁት። ጥቂት እሽጎች አወጣሁ፣ ብብቴ ውስጥ ከተትኳቸው፣ ነጩን ጨርቅ መልሼ አለበስኩት። ማዶዎች እንደ ልማዳቸው ሣጥኑን ስመው፣ አልቅሰው፣ ጭብጦ ጨምረው መለሱኝ።

እትዬ ዘርትሁን ዱቄቱን በጠበጡትና በማንኪያ በማንኪያ አጠጣናት።

“ከየት አመጣኸው?” አሉኝ።

“ከወንዙ።”

“ወንዝ ወሰደ እንጂ ሰጠ ሲባል ሰምቼ አላውቅም” አሉና ሌላ አልጠየቁኝም።

ልጄ ዳነች። ዓይኗ ተመለሰ፣ ድምፅዋ ተመለሰ፣ ራበኝ አለች። የአቶ አጥናፍሰገድ ባለቤት በዚያው ሰሞን ሞቱ፤ ሊቀ መንበሩም ወንዙ ዳር ወጥተው እንደ ሰው ሁሉ ሣቁ።

ትደነቅን ቤት ልደብቃት ሞከርኩ፤ ግን ግመል ሰርቆ አጎንብሶ አይሆንም። ልጅ ናት፣ አምልጣኝ ወጣች። ጥም ይዞት የዳነ ሰው ታይቶ ስለማይታወቅ መንደሩ ደጅ ወጥቶ አያት። ይቀናሉ ብዬ ነበር የፈራሁት። አልቀኑም፤ እነሱም ፈሩ። አንዲት እናት የራሷን ልጅ እንዳዘለች “እናንተ፣ ከማዶ ቀደምን እኮ!” ብላ ጮኸች።

ወሬው ከታንኳዬ ቀድሞ ተሻገረ። የማዶ ጎረምሶች ከየሰቀሉበት ጦር እያወረዱ ዳር ላይ ተሰለፉ፣ የእኛዎቹም እንዲሁ። የማዶን ክበብ በታንኳዬ አሻገርኩት፤ ሁለቱ ክበቦች በእኛ በኩል ባለው አሸዋ ላይ ተሰበሰቡ። ትደነቅን መካከል አቆሟት፤ ሱሪዬን ጨምድዳ ይዛ ነበር።

አቶ አጥናፍሰገድ ጀመሩ። “ጥፋቱ የኛ ነው። ግን መላ አለው። ይህች ልጅ ከዛሬ ጀምሮ የማዶ ልጅ ናት ብትባል፣ የቀደመው ማዶ ነው ማለት ነው። ቃላችን አልፈረሰም። እባካችሁ ተቀበሉን።”

ወይዘሮ ደብሪቱ ደረታቸውን ደቁ። “ብንቀበላት ደስታችን ነበር። ግን የእኛ ከሆነች እኛ ከእናንተ ቀደምን ማለት አይደል? ቃል አፍራሾቹ እኛ ልንሆን ነው? የእናንተ ትሁን።”

“ኧረ በምን አንጀታችን! የእናንተ ትሁን!”

“ኧረ በጭራሽ! የእናንተ!”

“የእኔ ናት!” ብዬ ጮህኩ። “የማንም አይደለችም፣ የእኔ ልጅ ናት!”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወይዘሮ ደብሪቱ በለሆሳስ “አንተስ የየትኛው ወገን ነህ፣ ሺባባው?” አሉኝ።

የጦሮቹን ጫፍ አየሁ። የወዲህ ብል የማዶዎች ጦር ይወረወራል፣ የማዶ ብል የእኛዎቹ። ልጄ ደግሞ መካከል ላይ ናት። ልጄን ብቻ ወደ ራሴ ሳብኳት።

ያኔ ነው ያ ብልህ ሰው እንደገና የተነሣው። “አባቷ እንኳ የማን እንደሆነች መናገር ካልቻለ የማንም አይደለችም ማለት ነው። የማንም ያልሆነ ሰው ቢቀድም ደግሞ ማንም አልቀደመም። ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የጎደለን ይህ ነበር!” አለ። አሸዋው በእልልታ ተናወጠ። ጠላትና ጠላት ተቃቀፈ። ደረቷ ላይ የናስ ዓርማ ሰኩላትና ቀዳሚት ብለው ሾሟት። ሣጥኑም ተከፈተ፤ እሷ ከሁለቱም ፊት አንድ ጊዜ ጎነጨች፣ ከዚያ ሁለቱም ከተማ ጠጣ። ሰው ዳነ። የደጉ ሰው ክበብ የወዳጅነት ሽልማት ላከልን፤ የመስተዋት ርግብ ናት፣ መንገድ ላይ አንድ ክንፏ ተሰብሯል።

ልጄን ከቤቴ ወሰዷት። ወንዙ መካከል ባለች የአሸዋ ደሴት ላይ ጎጆ ሠሩላት፣ ከወዲህም ከወዲያም እንዳትሆን። እኔ ቀዛፊዋ ሆንኩ። አባባ ብትለኝ ወገን መያዟ ስለሚሆን ስሜን እንድትጠራ ታዘዘች። ጠዋት “ሺባባው፣ ደኅና አደርክ?” ስትለኝ መቅዘፊያዬን አንሥቼ ፊቴን ወደ ውኃው አዞር ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሁሉ ቀና። ምሳው ትኩስ ሆኖ ይበላል፤ መጀመሪያ የምትጎርሰው ቀዳሚት ናት። ምንጮቹ ተጠረጉ፤ መጥራታቸውን ለማወቅ መጀመሪያ የምትጠጣው ቀዳሚት ናት። ከአንዱ ምንጭ ጠጥታ ታመመች፤ አባላቱ በየተራ አስታመሟት፣ ስትድን ወደ ሌላው ምንጭ ወሰዷት። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሰው መቻሉን ያየነው እሷን አውጥተን ነው። ሰዉ ይወዳታል፣ ይህ ሐሰት አይደለም። ስታልፍ እጇን ይስማሉ። አንድ ቀን ታንኳዬ ውስጥ “ስትጠጪ አትፈሪም?” አልኳት። “ካልጠጣሁ እኮ ሌሎቹ ይጠማቸዋል” አለችኝ። የላይ ጥርሶቿ ገና አልበቀሉም ነበር።

በዓመቱ ክበቦቹ ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠውን ሠሩ፤ በኮረብታው ላይ የሁለቱ ከተሞች የወዳጅነት መካነ መቃብር። በየጓሮው ተደብቀው የተቀበሩት አሳዝነዋቸው ነው። በአበባ አጠሩት፣ ጉድጓዶቹን በሰልፍ አስቆፈሩት፣ የድንጋይ በር አቆሙለት። በምርቃቱ ሰሞን ከወዲህ አንድ ሽማግሌ፣ ከማዶ አንዲት ባልቴት ሞቱ። ሁለቱም አስከሬን በሩ ላይ ደረሰ።

“የእናንተ ይግባ” አሉ የእኛዎቹ።

“ኧረ የእናንተ ይግባ” አሉ ማዶዎች።

ፀሐዩ ከረረ። ዝንብ መጣ። ሰዎች አፍንጫቸውን በነጠላ ያዙ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ዓይኑ ሁሉ ወደ ልጄ ዞረ።

“አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ተኝታ ትነሣ” አለ አንዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ከተነሣች ተቀበረች አይባልም” አለ ያ ብልህ ሰው።

አቶ አጥናፍሰገድ ያለቅሱ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያያሉ። ሁለቱም “አይሆንም” አላሉም፤ እያንዳንዳቸው ሌላው አስቀድሞ እንዲለው የሚጠብቁ ይመስለኛል። ትደነቅ ቀሚሷን አስተካከለች። ዓርማዋን በእጇ ጠርጋ ወደ ጉድጓዱ መራመድ ጀመረች፤ ማንም አልነገራት፣ ማንም አልገፋት።

ከመሬት መንጭቄ አነሣኋት። እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም። ታንኳዬ ውስጥ ወርውሬያት ገፋሁ፤ በወራጁ ቁልቁል ለቀቅኩት። ሲያባርሩን የሁለቱም ከተማ ሰዎች አንድ ላይ ወንዙ ዳር ደረሱ። ክበቦቹ በቅርቡ ያሠሩት አዲስ ታንኳ እዚያው ታስሮ ነበር፣ ከእኔም ይፈጥናል። አልገቡበትም።

“ይግቡ፣ ይግቡ!” ሲሉ ሰማሁ። “ኧረ በጭራሽ፣ እናንተ ቅደሙ!” ወንዙ እስኪታጠፍ ድረስ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር።

አሁን የምንኖረው ሰው በውኃ ቧንቧ ሰልፍ ላይ በክርን በሚጋፋበት አገር ነው። ክበብ የለም፣ ፍቅርም ብዙ የለም፤ ደስ ይለኛል። ትደነቅ አድጋለች፣ አባባ ትለኛለች። ግን ቤታችን የገባ ውኃ እሷ ሳትቀምሰው አይጠጣም። ትጎነጫለች፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቁጭ ትላለች፣ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች፤ ከዚያ “አሁን ጠጣ፣ አባባ” ትለኛለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ አልተወችም። አንድ ቀን ንዴት ያዘኝና ጣሳውን ከእጇ ነጥቄ ቀድሜያት ጠጣሁ። በጥሙ ጊዜ ያላለቀሰች ልጅ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያላለቀሰች ልጅ፣ “ምን አጠፋሁ? ምን አጠፋሁ፣ አባባ?” እያለች አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።